ከሕመም አልጋ ወደ ሰፈር መንገድ

ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ ወይም በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲፈነዳ የሚከሰተውና ስትሮክ ተብሎ የሚጠራው ሕመም ሰውን ያለ ማስጠንቀቂያ ከቆመበት የሚጥል ነው። ማለዳ ጤነኛ ሆኖ ከቤቱ የወጣ ሠራተኛ፣ ከቀትር በኋላ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱም ተሳስሮ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ሊመለስ ይችላል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም ይያዛሉ። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑት 4 ሰዎች መካከል አንዱ በሕይወት ዘመኑ ሊያጋጥመው እንደሚችል ሊቃውንት ገምተዋል።

ስለ አወዳደቁ ብዙ ተጽፏል። በዚህ ሐተታ የምንመለከተው ስለ አነሣሡ ነው። ከሞት የተረፈው ሕመምተኛ ከሆስፒታል ወጥቶ እቤቱ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ምን ይደረግለት? በብዙ ቤቶች የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ይተኛ። ልጆች «አባባ፣ አይነሡ፤ የሚያስፈልግዎን እኛ እናመጣለን» ይላሉ። ጎረቤት «እትዬ፣ አይድከሙ» ይላል። ውኃው አልጋው ድረስ ይመጣል፤ ምግቡ በእጅ ይጎረሳል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና ያልሠራ ጡንቻ ይሰልላል፤ ያልታዘዘ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ ብዙ የተኛ ገላ ይቆስላል፤ በማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። በመሆኑም ሕመሙ ያልወሰደውን ጉልበት እንክብካቤው ሊወስደው ይችላል።

የትናንቱ ዕውቀትና የዛሬው

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. በደረሰባቸው ከባድ ስትሮክ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸውም ተይዞ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በሕመም አልጋ ላይ ቆይተዋል። ቤተ መንግሥትም፣ የውጭ አገር ሐኪሞችም፣ አገልጋዮችም ነበሩ። ያልነበረው ዛሬ ያለው ዕውቀት ነው።

በአንጻሩ ፈረንሳዊው የሳይንስ ሊቅ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. ገና በ45 ዓመቱ ስትሮክ መትቶት የግራ ጎኑ ተይዞ ነበር። ስንፈቱ ጨርሶ ባይለቀውም ተነሥቶ ሄደ፤ ሥራውንም ቀጠለ። በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰ ስም ያተረፈለትን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሰው ላይ የሞከረው ከዚያ ሕመም 17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ነው። የሁለቱ ሰዎች ሕመም በክብደት አንድ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን በስትሮክ የተመታ ሰው ዕድሜው ሁሉ በዚያች ዕለት አለመዘጋቱን የፓስተር ታሪክ ያሳያል።

በአሁኑ ጊዜ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የሞተው የአንጎል ክፍል እንደገና አይበቅልም። ሆኖም በዙሪያው ያሉትና በሌላው የአንጎል ወገን የሚገኙት ክፍሎች የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊረከቡ ይችላሉ። ይህ ርክክብ የሚካሄደው በድግግሞሽ ነው። መሣሪያ ፈትቶ መግጠምን ከመቶ ጊዜ በላይ የደጋገመ ወታደር በጨለማም እንደሚሠራው ሁሉ፣ አንጎልም የእርምጃን ሥርዓት በብዙ መቶ እርምጃ ይማረዋል። እርምጃ የሚማረው በመራመድ ነውና፣ ተኝቶ የሚጠብቅ እግር የሚማረው ነገር የለውም።

የእርምጃ ጥቅም በእግር ብቻ አይወሰንም። የደም ግፊትን ዝቅ ለማድረግ፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለማስተካከል፣ እንቅልፍን ለማሳመር ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ውጤቱ የታወቀ በ32 አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ከ10 የስትሮክ መንስኤዎች ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው የደም ግፊት መሆኑን፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስም ከእነዚሁ አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። እንግዲህ የሚራመድ ሕመምተኛ የወደቀውን እግሩን ብቻ የሚያነሣ ሳይሆን ሁለተኛውንም ምት የሚከላከል ነው። ከዚህም ሌላ ከስትሮክ ከተረፉት 3 ሰዎች አንዱን ያህል የሚያጠቃው የመንፈስ ጭንቀት ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ አይለቅም። ሰማይ ያየ፣ ሰላምታ የተቀበለ፣ «ዛሬ ደግሞ እስከ ዛፉ ደረስኩ» ያለ ሰው ወደ ኑሮ ይመለሳል።

ውድ መሣሪያ ያስፈልጋልን?

«ይህ ሁሉ የሚሆነው ሀብታም አገር ነው፤ እኛ ጋ መሣሪያውስ የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱን ከሁለት የጥናት ውጤቶች እናገኛለን።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ይፋ የሆነ ሲሆን 408 ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል። ከፊሎቹ ገላቸው በመታጠቂያ ተንጠልጥሎ፣ በሚሽከረከር የመራመጃ መሣሪያ ላይ ሠለጠኑ። ሌሎቹ ደግሞ ባለሙያ እቤታቸው እየሄደ የጉልበትና የሚዛን ልምምድ አሠራቸው። አንድ ዓመት ሲሞላ ከ100 ሰዎች 52ቱ ያህል አካሄዳቸው ተሻሽሎ ተገኘ። በመሣሪያ የሠለጠኑት ግን እቤታቸው ከሠለጠኑት አልበለጡም። በመሣሪያው ልምምዱን ከስድስት ወር በኋላ የጀመሩትም ቢሆኑ በዓመቱ መጨረሻ ከሌሎቹ ጋር እኩል ደርሰዋል። ስለዚህ «ጊዜው አልፎብኛል» የሚል ሕመምተኛ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የቀረበ ነው። በጃማይካ፣ ፀሐይ በበረታባት፣ ሀብቷም ባልተትረፈረፈ ደሴት፣ በስትሮክ የተጠቁ 128 ሰዎች ለጥናት ተመረጡ። ግማሾቹ በየሰፈራቸው በተለካ መንገድ ላይ በሳምንት 3 ቀን ለ12 ሳምንት ተራመዱ። የጀመሩት በ15 ደቂቃ ነው፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ 30 ደቂቃ ደረሱ። ለሌሎቹ ቀለል ያለ የመታሸት አገልግሎት ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት፣ የተራመዱት ሰዎች በ6 ደቂቃ ውስጥ የሚሸፍኑት ርቀት ከ17 በመቶ በላይ አድጓል፤ ስለ ጤንነታቸውም የሰጡት ምስክርነት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኗል። ወጪው መንገድ፣ ሰዓትና አብሮ የሚሄድ ሰው ነበር።

ጀሪፍ፦ በስደት ሰፈር መታመም

በዚህ ረገድ ከአገር ውጭ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ማሰብ ተገቢ ነው። ለምሳሌ ያህል በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የምትገኘውን ጀሪፍን እንውሰድ። ጀሪፍ ከአገራችን የሚወርደው፣ ሱዳኖች ሰማያዊው የሚሉት ዓባይ ለሁለት የከፈላት ሰፈር ናት፤ ምዕራብ ጀሪፍ በካርቱም በኩል፣ ምሥራቅ ጀሪፍ ከወንዙ ማዶ። በዳርቻዋ ከወንዙ ደለል ጡብ የሚተኩሱ ምድጃዎች ሲጨሱባት ኖረዋል። ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ስደተኞችና ሠራተኞች በብዛት ከሰፈሩባቸው የካርቱም ሰፈሮች አንዷ ነበረች። በሰው ቤት የምትሠራው፣ በመንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው፣ በምግብ ቤት የሚያስተናግደው፣ መኪና የሚነዳው፣ ሁሉም የዕለት እንጀራቸው የተንጠለጠለው በእግራቸውና በእጃቸው ላይ ነው።

እንዲህ ላለ ሰው ስትሮክ ሁለት ጊዜ ይመታዋል። አንዴ አካሉን፣ አንዴ ደግሞ ኑሮውን። እናት ወይም እኅት አጠገቡ የለችም። የጋራ ክፍል ኪራይ በየወሩ ይጠብቀዋል። አገር ቤት ከእርሱ ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የእግር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይበልጥ ታየ። በርካታ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ መድኃኒት ጠፋ፤ ብዙ ሺህ ሰው በገዳሪፍ በኩል ወደ ጋላባትና ወደ መተማ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ 500 ሜትር መራመድ መቻልና አለመቻል፣ ተሽከርካሪው ቆሞ ከሚጠብቅበት መድረስና አለመድረስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጦርነቱ ከከተማዋ ከራቀ ወዲህ ነዋሪዎች ወደ ካርቱም መመለስ ቢጀምሩም፣ የፈረሰው የሕክምና አገልግሎት በአንድ ቀን አይቆምም። የተሟላ ሆስፒታል በሌለበት ቦታ ሁሉ በሰፈር ሰው እጅ ያለው ሕክምና የበለጠ ዋጋ አለው።

እንደ ጀሪፍ ባለ ሰፈር የእርምጃ ጉባኤ ማቋቋም የሚቻልበት መንገድ ሩቅ አይደለም። በስደት አገር ዕቁብና ማኅበር የሚያቋቁም ሕዝብ ሦስትና አራት ሕመምተኞችን ተራ ገብቶ ማራመድ አያቅተውም። በመጀመሪያ ልብ ሊባል የሚገባው ሙቀቱ ነው። በካርቱም በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚወጣ፣ መራመድ የሚገባው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሣ ዕለት በግቢ ውስጥ መመላለስ ይበቃል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውኃ ካነሰው ራሱን ሊያዞረው ይችላልና ምን ያህል መጠጣት እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሱዳን ሕዝብ ለመንገደኛ ብሎ ከየደጁ፣ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዚር የሚባለውን የውኃ ጋን የማኖር መልካም ልማድ አለው። ይህ ልማድ ለሕመምተኛው እንደ ኪሎ ሜትር ድንጋይ ሊያገለግለው ይችላል። በዚህ ሳምንት እስከ መጀመሪያው ዚር፣ በሚቀጥለው እስከ ሁለተኛው እያለ ርቀቱን ይለካበታል፤ በየመካከሉም ጥላና ማረፊያ ያገኛል። አንገሬብ የሚባለው በገመድ የተጠለፈ አልጋም ቢሆን ገመዱ ከላላ ለመነሣት ያስቸግራልና ይወጠር፤ ከዚያ በኋላ ከጠርዙ ላይ ተነሥቶ መቀመጥን በመደጋገም የጭን ጉልበት ይገነባበታል።

ቀስ በቀስ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። አንድ ምልምል ከገባበት ዕለት ጀምሮ 30 ኪሎ ሜትር በሙሉ ትጥቅ እንዲጓዝ እንደማይታዘዝ ወታደር አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የታወቀውና በ5 አገሮች 2,104 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት እንዳመለከተው፣ ስትሮክ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ በብዛትና በኃይል እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሕመምተኞች በዝግታ ከተያዙት ያነሰ ውጤት አሳይተዋል። የመጀመሪያው መነሣት በሐኪም ፈቃድ፣ ለአጭር ጊዜና በተደጋጋሚ ሊሆን ይገባል።

ቅደም ተከተሉም ይህ ነው። መጀመሪያ ሳይደገፉ መቀመጥ፤ ቀጥሎ መቆምና ክብደትን በደካማው እግር ላይ ማሳረፍን መልመድ፤ ከዚያ በቤት ውስጥ ጥቂት እርምጃ፤ ከዚያ ግቢ፤ በመጨረሻ መንገድ። መንገድ የደረሰ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ ቢጀምርና እንደ አቅሙ ቢጨምር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ 30 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። የፍጥነቱ ልክ በንግግር ይታወቃል። እየተራመደ መነጋገር ከቻለ ልኩ ነው፤ ቃል ለማውጣት ትንፋሽ ካጠረው አብዝቷል። አንደበቱ የተያዘ ከሆነ አጃቢው አተነፋፈሱንና ፊቱን ይመልከት።

መሻሻሉን ለመለካት 10 ሜትር መሬት ላይ ማስመርና ሰዓት መያዝ ይበቃል። ያንን ርቀት ለመጨረስ ከ25 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ሰው ገና የቤት ውስጥ ተራማጅ ነው። በ12 ሰከንድ ተኩል ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ ግን ገበያ ወርዶ፣ መንገድ ተሻግሮ ጉዳዩን ሊፈጽም ይችላል ተብሎ ይገመታል። ቁጥሩ በየሳምንቱ በደብተር ቢጻፍ፣ ዓይን የማያየውን መሻሻል ወረቀቱ ያሳያል፤ ሕመምተኛውም ተስፋ በሚቆርጥበት ዕለት የሚመለከተው ነገር ያገኛል።

የአጃቢው ድርሻ

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያለው በአጃቢው እጅ ነው። አጃቢ ማለት ሐኪም ማለት አይደለም፤ ልጅ፣ ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። የሚከተሉትን ግን ማወቅ አለበት።

አጃቢው የሚቆመው በተጎዳው ጎን በኩል፣ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ነው። የሚወድቀው ወደዚያ ነውና። አንዳንድ ሕመምተኛ የግራ ጎኑን ዓለም ጨርሶ ስለሚዘነጋ ከበርና ከምሰሶ ጋር ይጋጫል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው አጃቢው ዓይኑ ነው። የደካማውን እጅ ይዞ መጎተት ፈጽሞ አይገባም፤ የላላ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወልቃል። ይልቁንም ወገቡን በመቀነት ወይም በሰፊ ቀበቶ መያዝ ይሻላል። ምርኩዙ በደኅናው እጅ ይያዛል። ደረጃ ሲወጣ ደኅናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ ደካማው። ሸበጥ ስለሚያንሸራትትና ከእግር ስለሚወጣ፣ ተረከዝን የሚይዝ ጫማ ይደረግ። የእግሩ ጣት እየተንጠለጠለ መሬት የሚልስበት ሰው ለቁርጭምጭሚቱ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ለባለሙያ ይንገር። በአገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷልና፣ በመተማ በኩል የተመለሱ ወገኖችም ሆኑ የአካባቢው ነዋሪዎች በቅርባቸው ያለውን የጤና ተቋም ባለሙያ ቢጠይቁ ምክር ያገኛሉ።

በብዙኃን ሆኖ የሚኬድ ከሆነ ደግሞ የወታደር ሕግ ይሠራል፤ የጭፍራው ፍጥነት በደካማው ሰው ይለካል። ፈጣኑ ቀድሞ ሄዶ ዘገምተኛው ለብቻው ሲጎተት ከዋለ፣ በማግስቱ እቤቱ ይቀራል። እርምጃው ሰውን ከሰው ማገናኘት አለበት፤ መናገር ላልቻለ ሕመምተኛም ቢሆን ጎን ለጎን መሄድ ቃል የማይጠይቅ ጨዋታ ነው።

የሚያስቆሙ ምልክቶች

በጉዞ ላይ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስ ማዞር ወይም ብርቱ ራስ ምታት የተሰማው ሰው ወዲያው ይቀመጥ፤ ሐኪምም ይየው። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ እጁ በድንገት ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ሁለተኛ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። «ምች ነው፤ ያልፋል» እያሉ የሚያሳልፉት እያንዳንዱ ደቂቃ የአንጎል ዕድሜ ነው። እርምጃ መድኃኒትን አይተካም። «አሁን እየተራመድኩ ነውና ተሽሎኛል» ብሎ የግፊት ኪኒን ያቋረጠ ሰው ጦር ሜዳ ላይ ጋሻውን የጣለ ነው። ጸበል የሚጠመቅም፣ ጾም የሚጾምም ቢሆን የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ያስተካክል እንጂ አያቋርጥ። በወጥ ውስጥ የሚጨመረው ጨው እንዲቀነስ፣ ሲጋራም እንዲተው አጥብቀን እናሳስባለን።

አንድ ሰው በስትሮክ ሲመታ የሚጠየቀው «ይድናል ወይ?» ተብሎ ነው። ከዚህ ጥያቄ ጎን ሌላ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ «ነገ ጠዋት ከእርሱ ጋር የሚራመደው ማን ነው?» የዕድር ዳኞች ለሐዘን ቤት ተረኛ እንደሚመድቡ ሁሉ በሕይወት ላለውም ሕመምተኛ ተረኛ ይመድቡ። በጦር ክፍል ያሉም በጡረታ የተለዩትን የቀድሞ ባልደረቦቻቸውን በየቤታቸው ይጎብኙ፤ ጎብኝተውም ወንበር ስበው ብቻ አይቀመጡ፤ «ጋሼ፣ ተነሡ እስቲ፤ እስከ ደጅ እንድረስ» ይበሉ። በመተማም ሆነ በጎንደር፣ በአዲስ አበባም ሆነ በጀሪፍ መንገዱ አለ፤ ማለዳውም በየቀኑ ይመጣል። የሚጎድለው ክንዱን የሚያበድር ሰው ነው፤ ያም ሰው ከእያንዳንዳችን ቤት ሊገኝ ይችላል።